ከመጨረሻዋ ጀልባ ወደ ኋላ፦ ከጎንደር ማልዲቭስ

(እሁድ ከሰዓት በጎንደር ለአንድ የጉዞ እቁብ አባላት የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂው ተገልብጦ፣ መደጋገሙም ሳይቀር እንዳለ የቀረበ።)

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? ካልተሰማ እጅ አውጡ፣ ማይኩን አስጠጋለሁ። ይሰማል? እሺ።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ የእሁድ ከሰዓታችሁን ለዚህ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ከአዘዞም ከማራኪም የመጣችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ። ኑሩልኝ።

እዚህ ፒያሳ ትኬት ስቆርጥ ብዙ ዘመኔ ነው። ብዙ ሰው ሸኝቻለሁ። ለሕክምና የሚሄድ፣ ለሥራ የሚሄድ፣ ልጁን ሊጠይቅ የሚሄድ፣ ለቅሶ ሊደርስ የሚሄድ። ለማረፍ የሚሄድ ጎንደሬ ግን ስንት ነው? እስቲ ቁጠሩልኝ! የፋሲል ግቢ በፈረንጆቹ 1979 በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ስንት አገር ሰው እዚህ ከተማ መጥቶ አረፈ። አብልተን አጠጥተን፣ አስጎብኝተን ሸኘነው። እንግዳ መቀበል እናውቅበታለን። እኛም እንግዳ ሆነን ሌላ አገር መሄድ እንችላለን ብለን ግን አናስብም። አስተማሪዋ፣ ነርሱ፣ ባለ ሱቁ፣ ዓመት ሙሉ ቆጥበው ባሕር ዳርቻ ቁጭ ብለው ማረፍ ለምን ይበዛባቸዋል? አይበዛባቸውም! ይሄ እቁብ ሲቋቋም የተደሰትኩት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ማልዲቭስ ብላችሁ መርጣችኋል። ዛንዚባርና ሲሼልስ ከቦሌ ቀጥታ በረራ አላቸው፣ ይቀርባሉ። ማልዲቭስ ራቅ ይላል፣ መሃል ላይ አውሮፕላን መቀየር አለ። ከጎንደር አዲስ አበባ 1 ሰዓት ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ዱባይ 4 ሰዓት ገደማ፣ ከዱባይ ማሌ፣ የማልዲቭስ ዋና ከተማ፣ ደግሞ እንደገና 4 ሰዓት ገደማ። በዶሃ በኩልም ይኬዳል። መጠበቂያው ሲጨመርበት አንድ ቀን ሙሉ ይበላል። ይሄን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም። የቆረጠ ሰው ይሂድ። ግን በደንብ ታቅዶ ይሁን።

ዋናውን ነገር አሁኑኑ ልንገራችሁ፣ ሌላውን ብትረሱ ይሄን አትርሱ። ጉዞ አየር ላይ አይበላሽም። ጉዞ የሚበላሸው መጋጠሚያው ላይ ነው። ከአንዱ አውሮፕላን ወርዳችሁ ሌላው ላይ እስክትሳፈሩ፣ ከአውሮፕላን ወርዳችሁ ጀልባ እስክትይዙ፣ እዚያ መሃል ላይ ነው። ሁሉም ሰው የሚያቅደው ከቤቱ ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ከጎንደር የሚወጣበትን ትኬት ይገዛል፣ የቀረውን እዚያው ስደርስ አየዋለሁ ይላል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ከመጨረሻዋ ጀልባ ጀምሩ። ከመጨረሻዋ ጀልባ ጀምራችሁ ወደ ኋላ፣ ወደ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያችን ኑ።

እንዴት? አንደኛ ብዬ ከዚያው ከደሴቱ ልጀምር።

ማልዲቭስ ወደ 1,200 የሚጠጉ ትንንሽ ደሴቶች ናቸው። ሰው በቋሚነት የሚኖርባቸው 200 ገደማ ብቻ ናቸው። አውሮፕላን ማረፊያው ራሱ አንድ ደሴት ላይ ነው ያለው። ከበሩ ወጥታችሁ ትንሽ እንደተራመዳችሁ ፊት ለፊታችሁ ባሕር ነው፣ ታክሲ በሚቆምበት ቦታ ጀልባ ቆሞ ታገኛላችሁ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። ሪዞርት ከያዛችሁ ሪዞርቱ በስፒድ ቦት ወይም ውሃ ላይ በምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን፣ ሲፕሌን በሚሏት፣ ይወስዳችኋል። ነዋሪው በሚኖርበት ደሴት ላይ ጌስት ሃውስ ከያዛችሁ ደግሞ በስፒድ ቦት ወይም በሕዝብ ፌሪ ትሄዳላችሁ።

አሁን ልብ በሉልኝ። ሲፕሌኗ በጨለማ አትበርም። በቀን ብርሃን ብቻ ነው የምትበረው። ስለዚህ ማሌ ማረፍ ያለባችሁ በማሌ ሰዓት፣ እንደ እኛ አቆጣጠር ሲነገር ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ በፊት ነው። ከዚያ ካለፈ ማሌ ወይም ጎኗ ያለችው ሁልሁማሌ አድራችሁ ጠዋት ትሄዳላችሁ። ሪዞርቱ ላይ የከፈላችሁበት የመጀመሪያ ሌሊት ባዶውን ያድራል፣ በላዩ ላይ ለማደሪያ ሌላ ክፍያ አለ። አያችሁ? የማትበር ሲፕሌን ከቦሌ የምትነሱበትን ሰዓት ወሰነች ማለት ነው። እቅዱን ከኋላ ጀምሩ የምለው ለዚህ ነው!

የሕዝብ ፌሪውም ቢሆን አርብ አርብ በአብዛኛው አይሠራም። የእነሱ የእረፍት ቀን አርብና ቅዳሜ ነው። ማፉሺ የምትባለው ደሴት ብዙ ጌስት ሃውስ ያለባት ናት፣ ለኪስም ትሻላለች። በፌሪ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በስፒድ ቦት ግማሽ ሰዓት አካባቢ ነው። አርብ ከደረሳችሁ ስፒድ ቦቱን አስቀድማችሁ ያዙ።

ስለ ዋጋው አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ክፍሉ 100 ዶላር ተብሎ ጎኑ ላይ ሁለት የመደመር ምልክት ካያችሁ፣ ያ 100 ዶላር 100 ዶላር አይደለም። 10 በመቶ የአገልግሎት፣ በዚያ ላይ 17 በመቶ የቱሪዝም ግብር አለ። 129 ዶላር አካባቢ ይገባል። አረንጓዴ ታክስ የሚሉትም አለ፣ ለአንድ ሰው ለአንድ ሌሊት በትንንሽ ጌስት ሃውሶች 6 ዶላር፣ በሪዞርት 12 ዶላር ነው። የሲፕሌኗ ዋጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለብቻ ነው፣ ደርሶ መልሱ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። «ጠቅላላ ስንት ነው?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በጽሑፍ!

እና አገሩ የእስልምና አገር ነው። እዚህ ያላችሁ ሙስሊም እህት ወንድሞቼ ሰላት፣ ሐላል ብላችሁ አትጨነቁም። ክርስቲያኖቹ ግን እወቁት፣ መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ የአሳማ ሥጋ ክልክል ነው፣ ለአምልኮ የሚሆን ምስልና ሐውልትም ይዞ መግባት ክልክል ነው። ነዋሪው ባለበት ደሴት መጠጥ አይሸጥም፣ ዋና ልብስም ለቱሪስት በተከለለው ዳርቻ ብቻ ነው የሚለበሰው። በረመዳን ደግሞ እዚያ ምግብ ቤቶች ቀን ቀን ይዘጋሉ። የአገሩን ሥርዓት ማክበር ለእኛ አዲስ አይደለም። ቱሪስት ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማውን እንዲያወልቅ የምንጠይቅ ሰዎች ነን እኮ።

ሁለተኛው መጋጠሚያ ትራንዚቱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፣ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ቦታ ይሄ ነው።

አዲስ የተጋቡ ልጆች ናቸው፣ የማውቃቸው ልጆች። ትኬቱን የቆረጠላቸው ቢሮ፣ ስሙን አልጠራም፣ ርካሽ አገኘሁላችሁ ብሎ ሁለት የተለያየ ትኬት ሰጣቸው። አንዱ እስከ መሃለኛው ከተማ፣ ሌላው ከዚያ ወዲያ በሌላ አየር መንገድ። ወረቀቱ ላይ መጠበቂያው 3 ሰዓት ነው፣ የሚበቃ ይመስላል። ደረሱ። ሻንጣቸው የተላከው እስከዚያ ከተማ ድረስ ብቻ ነው። ሻንጣውን ለማንሳት ኢሚግሬሽኑን ማለፍ አለባቸው። ኢሚግሬሽኑን ለማለፍ ቪዛ ያስፈልጋል። ቪዛ የላቸውም! የሁለተኛው አየር መንገድ መስኮት ደግሞ ከኢሚግሬሽኑ ወዲያ ነው። ልጅቷ ሌሊት ደወለችልኝ፣ እያለቀሰች። ትራንዚት ዴስኩ ላይ የነበረች ሠራተኛ፣ እግዜር ይስጣት፣ ሻንጣውን አስፈልጋ አስመጣችላቸው። ሻንጣው ሲገኝ ግን አውሮፕላኑ ሄዷል። ሌላ ትኬት ገዙ። የገዙበት ብር ለጫጉላቸው ያጠራቀሙት ነበር።

ልጆቹ ምን አጠፉ? ምንም! ማን ነገራቸው? ማንም። ስለዚህ እናንተ ትኬት ስትቆርጡ እነዚህን ጠይቁ፣ አታፍሩ። ከአዲስ አበባ እስከ ማሌ በአንድ ትኬት፣ በአንድ የቡኪንግ ቁጥር ነው ወይ? ሻንጣዬ እስከ ማሌ ቀጥታ ይሄዳል ወይ? የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛው ላይ የሚያሳፍረኝ ማነው? በአንድ ትኬት ከሆነ አየር መንገዱ በሚቀጥለው በረራ የማድረስ ግዴታ አለበት። በሁለት ትኬት ከሆነ ግን ዕዳው የእናንተ ነው። ቦሌ ሻንጣ ስታስረክቡም የሚለጠፍበትን ወረቀት እዩት፣ የማሌ ምልክት ሦስት ፊደል ነው፣ ኤም፣ ኤል፣ ኢ። እሱ ከሌለ ከመስኮቱ አትንቀሳቀሱ።

ከጎንደር አዲስ አበባ ያለውም መጋጠሚያ ነው። ከቦሌ የምትነሱት በሌላ አየር መንገድ ከሆነ የአዘዞው ትኬት ለብቻው ነው ማለት ነው። በክረምት ደመናው ሲወርድ በረራ ይዘገያል። አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ። ዘመድ ቤት እደሩ። ለጥር መጨረሻ ያሰባችሁ ደግሞ ከጥምቀት ማግስት ከጎንደር የሚወጣው ሰው ብዛት ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም፣ የአገር ውስጡን ትኬት መጀመሪያ ያዙት። ወቅቱ ራሱ ጥሩ ነው። ማልዲቭስ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ገደማ ደረቅ ነው፣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ደግሞ ዝናብና ንፋስ ይበዛዋል። የእኛ የሰርግ ወር ከእነሱ ጥሩ ወር ጋር ገጥሟል። ዋጋውም ታዲያ ያኔ ይወደዳል፣ ወራት ቀድማችሁ ያዙ።

ሦስተኛ፣ ቀንና ሰዓት። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል። አይደለም!

አንድ አባት ከነቤተሰባቸው ለጉዞ ተዘጋጁ። ትኬቱ ላይ ሐሙስ 00፡40 ይላል። ሐሙስን ቀኑን ሙሉ ሲሰናዱ ዋሉ፣ ማታ ቦሌ ሄዱ። አውሮፕላኑ ትናንት ሌሊት ሄዷል። ሐሙስ 00፡40 ማለት ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6፡40 ነው። ረቡዕ ማታ ከ3 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ቦሌ መሆን ነበረባቸው። ከቦሌ የሚነሳው የውጭ በረራ ብዙው ሌሊት ነው፣ ስለዚህ ይሄ ነገር ሁሌም ይመጣል። እኔ አሁን ትኬት ስሰጥ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ በአማርኛ እጽፍበታለሁ፣ «ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ቦሌ ይድረሱ» ብዬ። እናንተም ጻፉት። ለባለቤታችሁም፣ ለሚሸኛችሁም አሳዩት።

ቀኑም እንደዚሁ። ጥር 20 እንሄዳለን ትሉኛላችሁ፣ ሆቴሉን በስልካችሁ ስትይዙ ጃንዋሪ 20 ትነካላችሁ። ጥር 20 እኮ በአዘቦቱ ዓመት ጃንዋሪ 28 ነው። ስምንት ቀን! ሆቴሉ ገንዘቡን አይመልስም። ስማችሁም ፓስፖርቱ ላይ ባለው ፊደል ልክ ይሁን፣ አንዲት ፊደል ሳትጎድል፣ ትኬቱም ላይ፣ ቢጫ ካርዱ ማለትም የክትባት ካርዱም ላይ።

ቢጫ ካርድ ካልኩ አይቀር ወረቀቱን ቶሎ ልጨርሰው። ለማልዲቭስ አስቀድሞ ቪዛ ማውጣት አያስፈልግም፣ እዚያው ስትደርሱ 30 ቀን በነፃ ይመቱላችኋል። ግን መመለሻ ትኬት፣ የተያዘ ማደሪያና የሚበቃ ገንዘብ ማሳየት አለባችሁ። ከበረራው በፊት ባሉት 96 ሰዓታት ውስጥ ኢሙጋ በሚባለው የመንግሥታቸው ገጽ ላይ ፎርም ይሞላል። ነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠማችሁ ዝጉት። ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር የቀረው ይሁን ብዬ ነው የምመክረው፣ ምክንያቱም መሃል ላይ ሌላ አገር አለ። የቢጫ ወባ ክትባት ግን የግድ ነው። ኢትዮጵያ በሽታው ሊኖር ይችላል ከሚባሉ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት፣ ካርዱ ከሌለ አያስገቧችሁም። ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። በዋዜማው ብትከተቡ አይጠቅምም። ከዚህ በፊት የተከተባችሁ ካላችሁ ካርዱን ፈልጉት፣ ከ2016 በፈረንጆቹ ወዲህ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል ተብሏል። እርጉዝ የሆናችሁ፣ ዕድሜያችሁ ከ60 በላይ የሆነ፣ ሰውነትን የሚያዳክም ሕመም ያለባችሁ መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ። ዶላሩንም እንዲሁ፣ ፓስፖርትና ትኬት ይዛችሁ ባንካችሁን ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፣ የመጨረሻው ሳምንት አይሁን።

አሁን ደግሞ ስለ ሰውነታችን። ይሄን ማውራት ደስ ይለኛል።

አውሮፕላን 11,000 ሜትር ላይ ሲበር ውስጡ ያለው አየር የዚያን ከፍታ ያህል የሳሳ አይደለም። ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር አድርገው ነው የሚያስተካክሉት። ጎንደር ስንት ነው? 2,100 ሜትር አካባቢ! አያችሁ? ቆላ ያደገው ሰው አውሮፕላን ውስጥ ትንሽ ሊደክመው ይችላል፣ እኛ ግን ቤታችን ነን። የሚከብደን ሌላ ነው። አንደኛው ድርቀቱ ነው። አየሩ በጣም ደረቅ ነው፣ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ አፍንጫ ይደርቃል። ሁለተኛው መቀመጡ ነው።

እናቴን ይዤ ለሕክምና ባንኮክ በሄድኩ ጊዜ፣ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚበረው፣ ውሃ ሲያመጡላት እምቢ ትላለች። ጁስ እምቢ። ሻይ እምቢ። «እማ ምነው?» ስላት ዝም። ቆይታ በጆሮዬ «ሽንት ቤት ስሄድ ሰው ላስነሳ ነው እንዴ፣ ነውር አይደለም?» አለችኝ። ጎኗ የተቀመጠው ሰው ተኝቷል። እንቅልፉን ላለመረበሽ ብላ ተጠምታ ልታድር ነው! እግሯን ሳየው የጫማዋ ማሰሪያ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል፣ አብጧል። ሰውየውን ይቅርታ ጠየቅኩና አስነሳሁት፣ እሷን ኮሪደሩ ጋ አስቀመጥኳት፣ ጫማዋን አወለቅኩላት፣ ጋቢዋን አለበስኳት፣ ውሃም ጠጣች። ከዚያ በኋላ በየሰዓቱ ገደማ ይዣት እስከ ኋላ ድረስ ደርሰን እንመለስ ነበር።

ይሄ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 በፈረንጆቹ ይፋ ባደረገው ጥናት ከ4 ሰዓት በላይ ሳይነቃነቁ በሚቀመጡበት ጉዞ ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድል በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ለጤነኛ ሰው ዕድሉ አሁንም ትንሽ ነው፣ ከ6,000 ሰው አንድ አካባቢ፣ አትደንግጡ። ግን በቅርቡ የወለደች፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ከዚህ በፊት ደም የረጋበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይሂድ። ለሌሎቻችን መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ውሃ ጠጡ፣ ተነሱ፣ ተራመዱ፣ ተቀምጣችሁም ቁርጭምጭሚታችሁን አዙሩ። ለእናቶች ኮሪደር ወንበር ያዙላቸው። ለእናቶች ኮሪደር ወንበር! መስኮቱን ለልጆቹ ተዉላቸው።

ጾም ላይ የሚሄድ ካለ የጾም ምግብ አስቀድሞ ይታዘዛል፣ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት። በውጭ አየር መንገድ ከሆነ የእንስሳት ተዋፅኦ የሌለበት ብላችሁ እዘዙ፣ ቬጂቴሪያን ብቻ ካላችሁ ወተትና ቅቤ ሊኖርበት ይችላል። ዳቦ ቆሎና በሶ በእጅ ሻንጣ ያዙ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ቅቤና ማር ግን እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠሩት፣ ወደ ታችኛው ሻንጣ። ፓወር ባንክ ደግሞ በተቃራኒው፣ በእጅ ሻንጣ ብቻ። ሲፕሌን የምትይዙ የሻንጣ ኪሎ ስለምታንስ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጫት አትያዙ። የማታውቁትን የሰው ዕቃም አትቀበሉ፣ ዘመድ ቢሆንም ፊታችሁ ፈትቶ ያሳያችሁ።

ስትደርሱ ሙቀቱ ይመታችኋል። ቀን 30 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሌሊቱም ብዙ አይበርድም፣ እርጥብ ሙቀት። የመጀመሪያውን ቀን ምንም አታድርጉበት፣ ጥላ ሥር ተኙ። የሰዓት ልዩነቱ 2 ሰዓት ብቻ ስለሆነ እንቅልፋችሁ ብዙም አይዛባም። ወባ የለም፣ በ2015 በፈረንጆቹ ከወባ ነፃ ተብሏል። ዴንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የሚያመጣው ትንኝ ግን ቀን ነው የሚነድፈው፣ የሚቀባ ነገር ያዙ።

ባሕሩን በተመለከተ ደግሞ በጣም እለምናችኋለሁ። ብዙዎቻችን ዋና አናውቅም። ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ የሚዘሉት ልጆች እንኳ የቆመ ውሃ ነው የለመዱት። ባሕር ይጎትታል፣ ፀጥ ያለ መስሎ ይጎትታል። ላይፍ ጃኬት ሳትለብሱ ከወገብ በላይ አትግቡ። ዓሣ ለማየት የአየር ታንክ ተሸክመው የሚጠልቁትን፣ ስኩባውን፣ የሞከረ ደግሞ ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ይቆይ። ደም ውስጥ የገባው ናይትሮጅን ሳይወጣ ከፍታ ላይ ከወጣ ሰው ይታመማል፣ ይሞታልም። እኛ ደግሞ የምንመለሰው ወደ ከፍታ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ሙሉ ቀን ጠለቃ አታስገቡበት። ይሄም ከኋላ የሚታቀድ ነው።

እንግዲህ ብዙ አወራሁ። ፓስፖርት ይዛችሁ ኑ ብዬ ነበር፣ ያመጣችሁ ወደዚህ ጠረጴዛ ኑና የሚያበቃበትን ቀን አብረን እንየው። ቢጫ ካርድ ያላችሁም አምጡት። ወረፋ አያስፈልግም፣ እማማ እርስዎ ይቅደሙ።